ሠላሳ አምስት ነጥብ

ሲ.ኤም.ሲ ሚካኤል አካባቢ ካሉት ሚኒ ማርኬቶች ወደ አንዱ ገብተው ሒሳብ ሲከፍሉ፣ ፊቷን ወደ እርስዎ ያዞረች፣ በአጭር ምሰሶ ላይ የቆመች ጠባብ መስኮት አለች። ሁለት መስመር፣ በያንዳንዱ መስመር ሃያ ፊደል። ብርሃኗ አረንጓዴም ሰማያዊም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለ፣ ከሩቅ የሚጠራ ቀለም ነው። ካሸሯ አንድ ሊትር ዘይት ስታሳልፍ ዋጋው እዚያ ላይ ይወጣል፤ ሌላ ዕቃ ስታሳልፍ ይለወጣል፤ በመጨረሻ ድምሩ ይመጣል። መስኮቷ የተሠራችው ለገዢው ነው። ገዢው ግን አያያትም። ዓይኑ ወይ ስልኩ ላይ ነው፣ ወይ ፌስታሉ ላይ።

እኔም ለዓመታት አላየኋትም። ያየኋት ከሥራ ከወጣች በኋላ ነው።

ሰፈራችን ቅዳሜ ጠዋት የሚነቃው በቆራሌው ድምፅ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ማዳበሪያውን አራግፎ ሲደለድል፣ ከተሰበረ ወንበርና ከዛገ ብረት መሃል ያቺ መስኮት ብቅ አለች። "ይሄ ምንድነው?" አልኩት። "የግድግዳ ሰዓት ነው ጋሼ፣ ባትሪ ብቻ ነው የሚፈልገው" አለኝ። ባትሪ እንደማይበቃት ባውቅም አልተከራከርኩም፤ መከራከር ዋጋ ያስወድዳል። አራት መቶ ጠርቶ በሁለት መቶ ሃምሳ ተስማማን።

ገንዘቡን ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋገጥኩ። ከምናለሽ ተራም ይሁን ከቆራሌ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነው። መስታወቷን ወደ ፀሐይ አዙሬ ጥግ ጥጓን አየሁ። የምፈልገው ከውስጥ በኩል የተለጠፈች፣ እንደ አዲስ ማንኪያ የምታብረቀርቅ እድፍ ናት። ያቺ እድፍ ባሪየም የሚባል ብረት ናት፤ ሥራዋ ቱቦው ውስጥ የቀረውን የአየር ርዝራዥ እየያዘች ማስቀረት ነው። መስታወቱ ተሰንጥቆ አየር ከገባ እንደ ኖራ ትነጣለች። ነጥታ ካዩ ይተዉት፤ ያ ዕቃ ሞቷል፣ ማንም ጠጋኝ አያስነሳውም። የኔዋ ታብረቀርቃለች።

ነገሩ ሁሉ የሚቆመው በዚያ ባዶነት ላይ ነው። ስሟም ከዚያ የመጣ ነው፦ ቫኪዩም ፍሎረሰንት ዲስፕሌይ፣ አየር በወጣለት መስታወት ውስጥ የሚበራ ማሳያ። ከመስታወቱ ጀርባ ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል። ከፊት ለፊት ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች ተወጥረዋል፤ የተንግስተን ሽቦ ናቸው፣ በባሪየም፣ በስትሮንቲየምና በካልሲየም ኦክሳይድ የተቀቡ። ኤሌክትሪክ ሲገባባቸው ከስድስት መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላሉ፤ ይህም ሆኖ ብርሃናቸው ከመደብዘዙ የተነሳ ጨለማ ውስጥ በጥንቃቄ ያየ ሰው ብቻ ነው ቅላታቸውን የሚለየው። የጋለው ክር ኤሌክትሮን ይረጫል። ከክሮቹ ቀጥሎ ወንፊት አለ። ምሳሌ መስጠቴ አይደለም፤ በእርግጥም ወንፊት ነው፣ ከቀጭን ብረት የተሠራ። ከወንፊቱ ኋላ ነጥቦቹ አሉ፤ እያንዳንዱ ነጥብ ዚንክ ኦክሳይድ የተቀባ ነው። ኤሌክትሮን ሲመታው ያንን ውሃ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል።

ወንፊቱ ፖዘቲቭ ሲሆን ኤሌክትሮኖቹን ጠርቶ ያሳልፋል፤ ኔጌቲቭ ሲሆን ከበር ይመልሳል። ነጥቡም እንዲሁ ነው፦ ፖዘቲቭ ከሆነ ይመታል፣ ካልሆነ ጨለማ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ነጥብ ለመብራት ወንፊቱም ነጥቡም መስማማት አለባቸው። ሠሪዎቹ ይህን ስምምነት ሽቦ ለመቆጠብ ተጠቀሙበት። ፊደሎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይበሩም፤ ወንፊቶቹ ተራ በተራ ይከፈታሉ፣ ዙሩም በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፣ ዓይናችንም ይሸወዳል። የስልክ ካሜራ ግን ሁልጊዜ አይሸወድም። በሚቀጥለው ጊዜ ሱቅ ሲገቡ በቪዲዮ ይቅረጿት፤ ስትንቀጠቀጥ ያዩዋት ይሆናል።

(በነገራችን ላይ፣ ሲ.ኤም.ሲ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ባዶ መስታወት የሚጫነው የውጭው አየር ስለሆነ፣ እዚህ ያለች ቱቦ ጅቡቲ ካለችው እኅቷ ይልቅ ሸክሟ ቀሎላታል። ለሥራዋ ምንም ለውጥ የለውም፤ ደስ ስላለኝ ነው።)

የታሪኳ ነገር አጭር ነው። ፊሊፕስ በ1959 እ.ኤ.አ. አንዲት ምልክት ብቻ የምታበራ ዲኤም160 የምትባል ቱቦ አወጣ። በ1967 የጃፓኑ ኢሴ ኤሌክትሮኒክስ በሰባት ሰረዝ ማንኛውንም አሃዝ የምትጽፍ ቱቦ ሠራ። ከዚያ ወደ ካልኩሌተር፣ ወደ መኪና፣ ወደ ማይክሮዌቭ፣ ወደ ቪዲዮ ዴክ ገባች። በዴክ ዘመን ያደገ ሁሉ ያውቃታል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ 12:00 እያለች ብልጭ ድርግም ትላለች። የኛን ቤት ዴክ ሰዓት ያስተካከለ ሰው ኖሮ አያውቅም። ጎረቤታችን እማማ ቡና ሊጠጡ በገቡ ቁጥር "ምነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ እንዴ?" ይሉ ነበር። ዴኩ የፈረንጁን፣ እሳቸው የአበሻውን እየቆጠሩ።

ወደ ሱቆቻችን ያመጣት ግን የግብር ሕግ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 በ15 በመቶ ተጣለ፤ ቀጥሎ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139 የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ መጠቀምን ግዴታ አደረገ። ሕዝቡ በአጭሩ ካሽ ሬጅስተር የሚለው ነው። አሁንም ሥራ ላይ ያለው ማሽን በማኅተም የታሸገ ስለሆነ እሱን መነካካት ጣጣ ውስጥ ይከታል። የኔዋ ግን ከምሰሶዋ ተነቅላ የተጣለች፣ ምንም የማታስታውስ መስኮት ብቻ ናት። የተነገራትን ታሳያለች፣ አበቃ።

እንዴት ነው የሚነገራት?

ጠዋት ከሲ.ኤም.ሲ ወደ መገናኛ የሚሄደውን የታክሲ ሰልፍ ያስቡ። ሰዉ በአንድ መስመር ቆሟል፤ ሚኒባሱ አንድ በር አለው፤ አንድ በአንድ ይገባሉ። ሚኒባሱ ስምንት በር ቢኖረው ስምንቱ በአንዴ ይገቡ ነበር፣ ነገር ግን ስምንት በር ያለው መኪና ማን ይሠራል? ሲሪያል የሚባለው የመረጃ አላላክ ይኸው ሰልፍ ነው። አንድ ፊደል ስምንት ቢት ነው፤ ስምንቱ በአንዲት ሽቦ ተራቸውን ጠብቀው ያልፋሉ። ሲጀመር ረዳቱ "ግቡ!" ይላል፤ ሲያልቅ "ሳበው!" ይላል። የመጀመሪያው ጥሪ የመነሻ ቢት፣ የኋለኛው የማቆሚያ ቢት ይባላል። ስምንት ተሳፋሪና ሁለት ጥሪ፣ በድምሩ አሥር።

5 የሚለውን አሃዝ እንላክ። አስኪ በሚባለው የፊደል ሰንጠረዥ ቁጥሩ 53 ነው፤ በሁለትዮሽ ሲጻፍ 00110101። ሽቦው ላይ የሚወጣው ግን ከቀኝ ጫፍ፣ ከትንሹ ቢት ጀምሮ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ 0 (ግቡ)፣ ቀጥሎ 1፣ 0፣ 1፣ 0፣ 1፣ 1፣ 0፣ 0፣ በመጨረሻ 1 (ሳበው)። ፍጥነቱ 9600 ቦድ ከሆነ እያንዳንዱ ቢት 104 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይቆያል፤ ሙሉዋ 5 በአንድ ሚሊ ሰከንድ ታልፋለች። መስኮቷን በሙሉ፣ አርባውንም ፊደል ለመሙላት ከ42 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። ካሸሯ ዓይኗን ሳትጨፍን ያልቃል።

ላኪና ተቀባይ በፍጥነቱ መስማማት አለባቸው፤ ሰዓት የሚያስተካክልላቸው ሌላ ሽቦ የለም። ላኪው በ9600 ተቀባዩ በ19200 ከሆነ፣ ተቀባዩ አንዱን ተሳፋሪ ሁለቴ ይቆጥራል፤ መስኮቷ ላይ የሚወጣው የሰካራም ጽሕፈት ነው። ከኔዋ ጀርባ ፍጥነቱን የሚመርጡ ጥቃቅን ማብሪያዎች አሉ፤ በጥፍር የሚገፉ። ቦድ የሚለው ስም ከፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ ከኤሚል ቦዶ የመጣ ነው። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲዘረጋም ዘዴው በመሠረቱ ያው ነበር፦ አንድ ረጅም መስመር፣ ምልክት ተከትሎ ምልክት።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። እኔን ያቃጠለኝ ቮልቱ ነው። "ያቃጠለኝ" ስል ቃሉን በቁሙ ይውሰዱት።

ዛሬ ተማሪው ሁሉ የሚሠራባት፣ አርዱይኖ የምትባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ 1ን በ5 ቮልት፣ 0ን በዜሮ ቮልት ትናገራለች። የካሽ ሬጅስተር ማሳያ የምትሰማው ግን አርኤስ-232 የሚባለውን፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበረውን ደንብ ነው፤ በዚያ ደንብ 1 ማለት ኔጌቲቭ ነው፣ ከ3 እስከ 15 ቮልት ከዜሮ በታች፤ 0 ማለት ፖዘቲቭ ነው፣ ከ3 እስከ 15 ቮልት ከዜሮ በላይ። ሁሉም ነገር ተገልብጧል። መስመሩ ዝም ባለበት ጊዜ እንኳ ኔጌቲቭ ላይ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው። እኔ ይህን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። አንብቤ ግን ማታ አራት ሰዓት ላይ፣ በችኮላ፣ የማሳያዋን የመልስ ሽቦ በቀጥታ አርዱይኖዋ ውስጥ ሰካሁት። ጭስ አልነበረም። ድምፅም አልነበረም። ያቺ እግር ብቻ ከዚያ ወዲህ አትሰማም። በነጋታው ቴስተሩን አውጥቼ ሽቦው ላይ ሳስቀምጠው ከዜሮ በታች ዘጠኝ ቮልት ቆጠረልኝ። ከመሰካቴ በፊት ብለካው ኖሮ አሥር ሰከንድ አይፈጅም ነበር።

መፍትሔው አስተርጓሚ ነው። ማክስ 232 የምትባል ባለ አሥራ ስድስት እግር ቺፕ አለች። በ5 ቮልት ብቻ እየሠራች፣ በአራት ትናንሽ ካፓሲተሮች አማካይነት ከዜሮ በላይም በታችም አሥር ቮልት ገደማ ትፈጥራለች። ካፓሲተሩን ሞልቶ፣ ገልብጦ፣ በሌላው ላይ መድፋት ነው ሥራዋ፤ በጣሳ ውሃ ወደ ጣሪያ እንደማውጣት። ከአንድ ወገን የአርዱይኖዋን ቋንቋ ትሰማለች፣ በሌላው ወገን በአርኤስ-232 ትናገራለች። መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡት ዘንድ ከነካፓሲተሮቿ በአንዲት ጥፍር በምታህል ቦርድ ላይ ተበይዳ ትገኛለች።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጉት ሽቦዎች ጥቂት ናቸው። ከላኪው ወደ ማሳያዋ የሚሄድ አንድ። የጋራ ግራውንድ አንድ፤ ይኼኛው የሚረሳ ነው፣ ሲረሳም መስኮቷ አንዴ ትሠራለች አንዴ ትተዋለች፣ ሰው ሲነካት ትነቃለች፣ ባለቤቷ ጠበል ልውሰዳት ይላል። ከዚያ መብራት። ክሮቹን የሚያግለውም፣ ወንፊቱና ነጥቦቹ የሚፈልጉትን በአሥሮች የሚቆጠር ቮልት የሚያመርተውም ከውስጧ ያለ ሰርኪዩት ስለሆነ፣ ከውጭ 5 ቮልት ይበቃታል። ነገር ግን ትበላለች። መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ዩኤስቢ አርዱይኖዋን አልፎ በሚመጣው መብራት ልሞክራት ብል፣ ክሮቹ ሊግሉ ሲሉ ቮልቱ ይወርዳል፣ ትጠፋለች፣ መልሳ ትነሳለች፣ ትጠፋለች። ሁለት አምፔር የሚሰጥ የራሷ አዳፕተር ሳመጣላት ቀጥ አለች።

ቀጥ ብላ ትእዛዝ ትጠብቃለች። የኔዋ ኤፕሰን የተባለው ኩባንያ ያስለመደውን ትእዛዝ ከሚረዱት ናት። 27 እና 64 ተከታትለው ሲመጡ ሁሉን ረስታ እንደ አዲስ ትጀምራለች። 12 ሲመጣ መስኮቱን ታጸዳለች። 31፣ 36፣ ከዚያ የዓምዱ ቁጥር፣ ከዚያ የመስመሩ ቁጥር ከመጡ ጠቋሚዋን እዚያ ታስቀምጣለች። 31፣ 88 እና ከ1 እስከ 4 ያለ ቁጥር ከሆነ ብርሃኗን ትቀንሳለች ወይም ትጨምራለች። እኔ ማታ 1 ላይ ነው የማደርጋት፤ የነጥቦቹን ዕድሜ ስለሚያቆይ ብቻ ሳይሆን ዓይኔንም ስለማይወጋኝ።

መጀመሪያ የላክሁት የሰፈሬን ስም ነው፣ በላቲን ሦስት ፊደል። ያለ ምንም ችግር በራ። ለነገሩ የሰፈራችን ስም ቤቶች የሠራ የጣሊያን የግንባታ ኩባንያ ምሕፃረ ቃል ነው፤ እኛ በግዕዝ ፊደል ስንጽፈው ኖረን አማርኛ መሰለን እንጂ። ለማሳያዋ ግን እንደ አገሯ ልጅ ነው።

ቀጥዬ "ብር" ብዬ ላክሁ። ሁለት ፊደል። መስኮቷ ላይ ስድስት ወጡ፦ የጀርመኖቹ ጭራ ያለው ድርብ ፊደል፣ ሁለት ነጥብ የተሸከመ፣ ማዕበል የተጫነው፣ እንደገና የጀርመኖቹ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ በመጨረሻም ቁልቁል የተተከለ የስፔን ቃለ አጋኖ።

አልተሳሳተችም። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ ኮምፒውተሩ አንዱን ፊደል በሦስት ባይት ይልካል። ብ ማለት 225፣ 137፣ 165። ር ማለት 225፣ 136፣ 173። ማሳያዋ ግን ለአንድ ባይት አንድ ፊደል ብቻ የምታውቅ ናት፣ ሰንጠረዧም ከመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ የተወረሰ ነው። ስድስት ቁጥር ተሰጣት፣ ስድስት ፊደል አወጣች። ሱቆቻችን የሚሰጡን ደረሰኝ ላይ "ምስር ክክ" በላቲን ፊደል ተጽፎ የምናገኘው በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው፤ ከማሽኑ ጋር ከመታገል ምስሩን ፈረንጅ ማድረግ ቀለለ። እኔ ይህን ስንፍና እለዋለሁ። ለባለሱቁ አልፈርድበትም፤ ማሽኑን አስመጥተው "እንዲሁ ነው የሚሠራው" ላሉት ነው።

ምክንያቱም በር አለ። እንዲህ ያሉ ማሳያዎች አብዛኞቹ ተጠቃሚው የራሱን ቅርጽ እንዲያስገባ ይፈቅዳሉ። አንድ ፊደል 5 ዓምድ በ7 ረድፍ ነው፣ 35 ነጥብ፤ በ5 ባይት ይታጨቃል። የሚበራውን 1፣ የማይበራውን 0 ብሎ መላክ ነው።

ደብተር ላይ ካሬ አሥምሬ ተቀመጥኩ። ብ ቶሎ እሺ አለች። ከላይኛው ረድፍ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ዓምድ አራት ነጥብ፤ ከዚያ ሁለት እግር፣ ሁለተኛውና አምስተኛው ዓምድ ላይ፣ እስከ ታች። ሳድስ የምታደርጋት የግራ ጎኗ ጭረት አራተኛው ረድፍ ላይ የመጀመሪያውን ዓምድ በአንድ ነጥብ ትይዛለች። አሥራ ሰባት ነጥብ፣ ከሩቅም የምትነበብ። ያቺን አንዲት ነጥብ ካጠፏት በ ትሆናለች። ስንት የቁም ጸሐፊ በብዕር ቅንጣት የለየውን ልዩነት እዚህ አንድ ነጥብ ይሸከመዋል። መ አስቸገረችኝ፤ ሁለት ቀለበት በአምስት ዓምድ አይገባም። በመጨረሻ ቀለበቶቹ መካከለኛውን ዓምድ እንዲጋሩ አደረግኋቸው፤ ከዚያ ገቡ። ም ከእሷ እንድትለይ ጭራዋን ሦስት ጊዜ አንቀሳቀስኩ። ር አንገቷን መስበር ነበረባት። ጮንና ሿን አልሞከርኳቸውም፤ ለነሱ 35 ነጥብ አይበቃም፣ ይበቃል የሚለኝ ሰው ካለ ካሬውን ያሳየኝ።

ሌላው ጥበት ቁጥሩ ነው። ስንት የራስ ፊደል በአንዴ መያዝ እንደሚቻል እንደ ዕቃው ይለያያል፤ በ8 የሚወሰኑ ብዙ ናቸው። ፊደላችን ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ 231 ነው። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው፤ ለባለሱቅ የትኞቹ ቃላት ያስፈልጉታል? ድምር። ብር። መልስ። ቆጠርኳቸው፦ ድ፣ ም፣ ር፣ ብ፣ መ፣ ል፣ ስ። ር ሁለቴ ስለምትሠራ ሰባት ብቻ ናቸው። ሌላ ፊደል ሳይጨመር ከእነዚሁ "ምስር"ም ይጻፋል፤ ያ በደረሰኙ ላይ ፈረንጅ የሆነው ምስር። "ብርድ" ይጻፋል፣ "ምድር" ይጻፋል፣ "ድል" ይጻፋል። ለሰልፉም ለሽቦውም ስም የሆነው "መስመር" ይጻፋል።

አሁን መስኮቷ ጠረጴዛዬ ላይ ቆማለች። የላይኛው መስመር "ድምር"፣ የታችኛው ከቀኝ ጥግ ተጠግቶ "250 ብር" ይላል፤ ለቆራሌው የከፈልኩት ነው። ስምንተኛው ቦታ እስካሁን ባዶ ነው። ቅን ላስገባ አስቤ ነበር፣ "ቅመም" ለማለት። የተሻለ ፊደል የሚያመጣ አንባቢ ካሬ ያለው ደብተር ያውጣ፤ አምስት በሰባት።